ሽንት ቤትን ከባዮጋዝ ማብላያ ጋር ማገናኘት፦ ቤተሰብን እንዴት አሳመናችሁ?

ጥያቄ፦
ዳንግላ አካባቢ ለሚኖሩ ወላጆቼ የባዮጋዝ ማብላያ፣ ማለትም እበት አብላልቶ የማብሰያ ጋዝ የሚያወጣ የተገነባ ጉድጓድ፣ ላሠራላቸው አስቤያለሁ። አምስት ከብቶች ስላሏቸው እበቱ አያንስም፤ ግንበኛው ግን ሽንት ቤቱም በቧንቧ ቢገናኝ ጋዙ እንደሚጨምር ነገረን። እናቴ ይህን ስትሰማ «በዚያ እሳት የፈላ ቡና ለጎረቤት አላቀርብም፤ የማኅበር ዕለትማ ማን ቤቴን ይረግጣል?» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ኩበት እያነደደች ያደገች ናትና እበቱን አልተጸየፈችም፤ የከበዳት ሽንት ቤቱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ምን አደረጋችሁ?

መልስ 1፦
እበትና ውኃ እኩል ተደባልቀው አየር በማይገባው ጉልላት ውስጥ ሲብላሉ የሚወጣው ጋዝ አብዛኛው ሜቴን ነው፤ ከዐይነ ምድር የሚወጣውም ያው ሜቴን ነው። ይህን ለእናትዎ መተንተን ግን ብዙ አይረዳም፣ መጸየፍ በኬሚስትሪ አይለቅምና። የሽንት ቤቱን ቧንቧ አሁኑኑ ከግንቡ ጋር አስቀብረው አፉን ያስደፍኑት፤ ጉልላቱ ካለቀ በኋላ ግንብ ሰብሮ ማስገባት አስቸጋሪ ነው። በእበት ብቻ ይጀምሩ፣ ውሳኔውንም ለእርሳቸው ይተዉላቸው።

መልስ 2፦
በአማቶቼ ቤት የሽታው ሐሜት የቆመው ጎረቤቶች ጀበናው ተጥዶ፣ ሰማያዊው ነበልባል ጥላሸት ሳይተው ሲነድ ካዩ በኋላ ነው። ያልነደደው ጋዝ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲለኮስ ግን ሽታው ይጠፋል። ለእኛ ቤት ሴቶች ከሽንት ቤቱ ይልቅ ያስቀየማቸው እንጀራው ነበር፤ ምድጃው ወጥና ቡና ያደርሳል እንጂ ሰፊውን ምጣድ እኩል አያግልም፣ ስለዚህ ለእንጀራ አሁንም እንጨት ይለቀማል። ይህን አስቀድሞ የነገረን አልነበረም።

መልስ 3፦
እናትዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ጋዙ ንጹሕ ቢሆንም፣ ያለ ተጨማሪ ማሞቂያ የሚሠራ ማብላያ የወስፋትን እንቁላል ሁሉ አይገድልም፤ በመውጫው የሚፈሰውን ዝቃጭ ወደ ማሳ የሚሸከመው ደግሞ የቤተሰቡ ሰው ነው። ሽንት ቤቱ ከተገናኘ ዝቃጩ ከገለባ ጋር ተከምሮ በሚገባ ይብሰል፤ በጥሬው ለሚበላ አትክልትም አይዋል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ቧንቧው ተደፍኖ እንዲቀበር ተስማምተናል። የእንጀራውን ጉዳይ ዛሬ ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ ለቡና ብቻ ነው ይህ ሁሉ ጉድጓድ?» አለችኝ፤ መልስ አላገኘሁላትም።