አስቸኳይ! ላፕቶፑ ጠፋ፣ ልጄ ነገ ስለ ቴይለር ያቀርባል

የማሙሽ እናት (ጠያቂ)፦
ወገኖች ድረሱልኝ። የልጄ ላፕቶፕ እየሠራ ድርግም አለ፣ ቢጫኑት ቢጫኑት አይበራም። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል ውስጥ «ቴይለር ከሁሉም ምርጥ ነው» በሚል ርዕስ ያቀርባል፤ ሥራው በሙሉ እዚያው ነው። አልቅሶ አልቅሶ ተኛ። በእጄ ያለችው አንዲት ብጣሽ ወረቀት ናት፦ «132.5 ሳክ» ይላል፣ ከጎኑ ደግሞ «142?»። የቱ ነው ልክ? ደግሞ ነጥብ አምስት ምንድነው?

የቦሌው፦
የቱ ቴይለር? ዘፋኟ ከሆነች እኔ አለሁ።

የማሙሽ እናት፦
ኧረ ቀልዱን ተዉት! የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቹ፣ 56 ቁጥር። ልጄ የመረጠው እንደኛ የቨርጂኒያ ሰው ነው ብሎ ነው።

ኪያ ጥገና፦
ቻርጀሩን ንቀይ። ማብሪያውን 30 ሴኮንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ። ከዚያ ቻርጀሩን መልሰሽ ሰክተሽ ሞክሪ።

ጋሽ ታዛቢ፦
ልጄ፣ ችግሩ የላፕቶፑ አይደለም። እኛ በኩራዝ አጥንተን ነው እዚህ የደረስነው። ደብተር የሚባል ነገር ነበር፤ ባትሪ አያልቅበትም። የዛሬ ወላጅ የልጁን የቤት ሥራ እሱ ራሱ ካልሠራ እንቅልፍ አይወስደውም።

ሚኪ፦
አጥፍተሽ አብሪው።

የማሙሽ እናት፦
ጠፍቶ እኮ ነው ያስቸገረኝ!

የዲሲ ታክሲ፦
እህቴ፣ ሰውየው ላውረንስ ቴይለር ነው። የዊሊያምስበርግ ልጅ። ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው። ሳክ የሚባለው ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪው) ኳሷን ሳይወረውር ጨዋታው ከሚጀመርበት መስመር ኋላ ሲጣል ነው። ሁለት ሰው ተባብሮ ከጣለው ግማሽ ግማሽ ይካፈላሉ። ሊጉ፣ ኤንኤፍኤል፣ ሳክን በይፋ መመዝገብ የጀመረው በ1982 ነው። ቴይለር ግን ለኒው ዮርክ ጃያንትስ ቡድን የገባው በ1981 ነው፤ የዚያ ዓመት 9.5 በይፋው መዝገብ የለም። 132.5 ላይ ደምሪው፣ 142 ይመጣል። ልጁ ይቺን ካስረዳ ይበቃዋል።
ይሄንንም ጻፊለት፦ በገባበት ዓመት የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለ፣ በ1982 እና በ1986 ደገመው። በ1986 በ20.5 ሳክ የሊጉ ኮከብም እሱ ሆነ። ከእሱ በፊትም በኋላም ይሄን ያገኘ ተከላካይ የ1971ዱ አለን ፔጅ ብቻ ነው።

ክርክር አይጥፋ፦
ቆይ፣ ከተከላካዮቹ ብሩስ ስሚዝ 200 ሳክ አለው፣ ሬጂ ዋይት 198። በ142 ምርጥ ይባላል እንዴ? ርዕሱ ራሱ ስህተት ነው።

የዲሲ ታክሲ፦
ቁጥር ብቻ አትይ ወንድሜ። የዋሽንግተኑ አሰልጣኝ ጆ ጊብስ እሱን ለማገድ ብሎ አሰላለፉን ቀይሯል፣ ታይት ኤንድ የሚባል አጋጅ ተጫዋች ጨምሮ። ለአንድ ሰው!
እዚሁ ዲሲ፣ አርኤፍኬ ስታዲየም፣ ኖቬምበር 1985፣ ቴይለር የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ ጆ ታይስማንን ሲጥለው የታይስማን እግር ተሰበረ። ቴይለር ብድግ ብሎ እጁን እያወናጨፈ ወደ ዳር ጮኸ፣ ሰው እንዲደርስለት። ታይስማን ከዚያ በኋላ አልተጫወተም።

የቦሌው፦
በእጅ ይዘው እየሮጡ እግር ኳስ ይሉታል። እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው።

ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እህቴ፣ ጎግል ላይ ከሠራው ሥራው ላፕቶፑ ውስጥ አይደለም ያለው። በስልክሽ በትምህርት ቤት ኢሜይሉ ግቢ፣ ታገኚዋለሽ። ፓስወርዱን ቀስቅሰሽ ጠይቂው።

ሚኪ፦
እኔም ልል የነበረው እሱን ነው። ግን መጀመሪያ አጥፍተሽ አብሪው።

ክርክር አይጥፋ፦
በ1988 በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት 4 ጨዋታ መታገዱንስ ማን ይናገር?

ጋሽ ታዛቢ፦
ለሕፃን ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይወራል?

የዲሲ ታክሲ፦
ይናገር እንጂ ጋሼ። አስተማሪው ያውቀዋል፤ ልጁ ከዘለለው ይጠይቀዋል።