አይስላንድ በመኪና፦ አራት ሌሊት ለፏፏቴውና ለጥቁሩ ጠረፍ ይበቃል?

ጎህ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔና ባለቤቴ በኦክቶበር አጋማሽ ከፍራንክፈርት ወደ አይስላንድ ለመሄድ ትኬት ቆርጠናል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኬፍላቪክ እናርፋለን፤ የምንመለሰው እሁድ አመሻሽ ላይ ነው። በመሃል ያለን አራት ሌሊት ብቻ ነው። ማየት የምንፈልገው ፏፏቴዎቹንና እሳተ ገሞራ የሠራውን ጠረፍ ነው።

መጀመሪያ ያሰብነው በ1 ቁጥር መንገድ ደሴቲቱን ሙሉ ለመዞር ነበር። 1,322 ኪሎ ሜትር መሆኑን ስናይ ግን አመነታን። የምታውቁ ምከሩን፦ ሙሉውን እንዙር ወይስ ደቡቡን ብቻ አይተን እንመለስ? የት የት ብናድር ይሻላል? ካምፐር ቫን ከሆቴል ረከስ ብሎ አግኝተናል፤ ያዋጣል ወይስ መደበኛ መኪና እንያዝ? አከራዩ የላከልን የኢንሹራንስ ዝርዝር ረጅም ነው፤ የግድ የሚያስፈልገው የትኛው ነው? ሬይኒስፍያራ በሚባለው ጥቁር አሸዋ ላይ ደግሞ ማዕበሉ ሰው ይወስዳል ሲባል ሰምተናል። ባለቤቴ ዋና አትችልም፤ ቦታውን ጭራሽ እንተወው?

ደጋ ነፋስ፦

ሙሉውን ዙር ተዉት። በአራት ሌሊት ይነዳል እንጂ አይታይም። በኦክቶበር አጋማሽ ብርሃን የሚኖረው ወደ አሥር ሰዓት ግድም ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ፀሐይ ከ8፡15 በኋላ ትወጣለች፣ 18፡10 አካባቢ ትጠልቃለች። አይስላንድ ዓመቱን ሙሉ በግሪንዊች ሰዓት ስለምትሠራ በዚያ ወቅት ከጀርመን ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስልካችሁ ራሱ ያስተካክላል፤ የእጅ ሰዓት የምታስሩ ከሆነ ግን አትርሱ።

ከደቡቡ የምትመለሱበት ጫፍ ዮኩልሳርሎን ይሁን፤ የበረዶ ተራራ ስባሪ የሚንሳፈፍበት ሐይቅ ነው። ከሬይክያቪክ 375 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እንዲህ ብታደርጉት ይመቻል፦

ረቡዕ መኪናውን ተረክባችሁ ሄላ ወይም ክቮልስቮትሉር እደሩ። ከአየር ማረፊያው ወደ 140 እና 155 ኪሎ ሜትር ነው። ሬይክያቪክ ውስጥ ካደራችሁ የሐሙስ ጠዋት በከተማ መንገድ ላይ ያልቅባችኋል።

ሐሙስ በቀጥታ ወደ ስኮጋፎስ ሂዱ። 60 ሜትር ከፍታ፣ 25 ሜትር ስፋት አለው፤ ፊቱ ወደ ደቡብ ስለሆነ ፀሐይ ካለች እኩለ ቀን ላይ ፊት ለፊቱ ስትቆሙ ቀስተ ደመናው ይወጣል። ጢስ እሳትን ያየ ሰው መርጨቱን ያውቀዋል፤ እዚህ ግን እስከ ሥሩ ድረስ በሜዳ ይኬዳል። በስተቀኝ ከ500 በላይ ደረጃ ያለው መውጫ አለ። ብዙው ሰው ደረጃውን ጨርሶ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። እናንተ አጥሩን አልፋችሁ ወንዙን ተከትላችሁ ሃያ ደቂቃ ብቻ ወደ ላይ ሂዱ፤ ሌሎች ፏፏቴዎች ተከታትለው ይመጣሉ፣ ሰውም ይሳሳል። ፏፏቴው የሚወርድበት ገደል ድሮ የባሕሩ ዳርቻ ነበር። አሁን ባሕሩ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሸሽቷል፤ ገደሉ ላይ ሆናችሁ ወደ ደቡብ ስታዩ ያንን ሜዳ በሙሉ ታዩታላችሁ። ሐሙስን ቪክ እደሩ።

ዓርብ ገና ሳይነጋ፣ 7፡30 ላይ ከቪክ ተነሡ። እስከ ዮኩልሳርሎን 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስትመለሱ ስካፍታፌትል ቆሙና ወደ ስቫርቲፎስ ውጡ። ፏፏቴው 20 ሜትር ብቻ ነው፤ ነገሩ ከኋላው የተንጠለጠሉት ጥቁር ዓምዶች ናቸው። ላቫ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ይይዛል። ከመኪና ማቆሚያው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ዳገት ነው፤ ለመውጣት 45 ደቂቃ ያዙለት። ማታ ኪርክዩባያርክላውስቱር እደሩ።

ቅዳሜ ወደ ምዕራብ ስትመለሱ ሬይኒስፍያራንና ዲርሆላኤይን እዩ፤ ከሰዓት በኋላ ሴልያላንድስፎስ ድረሱ። ይህን ፏፏቴ ለመመለሻ ያስቀረሁት አውቄ ነው። ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ወደ ምሽት ብርሃኑ ከመጋረጃው በስተኋላ ይገባል፤ በጀርባው ማለፍ የሚቻለውም እዚሁ ነው። ሐሙስ ስታልፉ ሰማዩ ጥርት ካለ ግን ቅዳሜን አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ግቡ። የዚያ አገር አየር ቀጠሮ አያከብርም።

አንድ ነገር አደራ፦ ከኪርክዩባያርክላውስቱር በስተምዕራብ መንገዱ ከ1783 እስከ 1784 የፈነዳው፣ ላኪ የሚባለው እሳተ ገሞራ ያፈሰሰውን ላቫ ያቋርጣል። ላቫው ላይ እንደ ፍራሽ የተኛው ወፍራም ሽበት (ሞስ የሚባለው ለስላሳ ተክል) እንዳይረገጥ። የአንድ ሰው ኮቴ የጎዳው ለማገገም አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። ለፎቶ የተዘጋጀ መቆሚያና የእግር መንገድ አለ።

ጎማና ጎዳና፦

ስለ መኪናው እኔ ልመልስ። ካምፐር ቫኑን በዚህ ወር አልመክርም። ምክንያቱ ብርዱ ሳይሆን ነፋሱ ነው። ነፋስ በሰከንድ 15 ሜትር ሲያልፍ ረጅም መኪና ይንገዋለላል፤ 20 ሲደርስ ቆሞ መጠበቅ ነው። ቫን የያዘ ሰው በእንዲህ ያለ ቀን ቀኑን ሙሉ ታግቶ ይውላል፤ ዝቅ ያለ መኪና የያዘው ቀስ ብሎ ያልፋል። በዚያ ላይ ቫን በየመንገዱ ዳር አቁሞ ማደር ክልክል ነው፤ የሚታደረው በተፈቀደ የካምፕ ቦታ ነው፣ በኦክቶበር ደግሞ ብዙው ይዘጋል።

ለ1 ቁጥር መንገድ ተራ መኪና ይበቃል፤ ከቻላችሁ ግን ከፍ ያለ ፎር ባይ ፎር ያዙ፣ የክረምት ጎማም ጠይቁ። በዚያን ጊዜ ማለዳ ላይ አስፋልቱ ውርጭ ሊይዝ ይችላል። በኤፍ የሚጀምሩት የተራራ መንገዶች ለእናንተ አያስፈልጉም፤ ያኔ አብዛኞቹ ዝግ ናቸው።

ኢንሹራንስ፦ መሠረታዊው የግጭት ዋስትና ከኪራዩ ጋር ይመጣል፤ ግን ራሳችሁ የምትከፍሉት ድርሻ ከፍተኛ ነው። የሚጨመሩት ሁለት ናቸው። አንዱ የጠጠር ነው፤ ከፊት የሚሄድ መኪና የወረወረው ጠጠር መስታወት ይሰነጥቃል። ሁለተኛው የአሸዋና የአመድ ነው። ከቪክ በስተምሥራቅ ሚርዳልስሳንዱር የሚባል የጥቁር አሸዋ ሜዳ አለ። ነፋስ ሲነሣ አሸዋው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ይልጣል፣ መስታወቱንም ያደበዝዛል። በአንድ ሰዓት የሚደርሰው ጉዳት ሙሉ ቀለም ሊያስቀባ ይችላል። ዓርብ የምታልፉት በዚያ ላይ ስለሆነ አትሰስቱ።

ብዙውን ጊዜ የትኛውም ኢንሹራንስ የማይሸፍነው ግን በሩን ነው። ነፋስ ከኋላ ሲመጣ የተከፈተውን በር ወደ ፊት ይገነጥለዋል፤ ማጠፊያው ይጣመማል፣ የበሩ ጠርዝ የፊት መከላከያውን ይጎዳል፣ በሩም ከዚያ በኋላ አይዘጋም። መፍትሔው ቀላል ነው። ስታቆሙ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሩ። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ነፋሱን ስሙት። ከዚያ አንድ በር ብቻ፣ በሁለት እጅ ይዛችሁ ክፈቱ፤ አንዳችሁ ወርዳችሁ ዘግታችሁ ስታበቁ ነው ሌላችሁ የምትወርዱት። ሁለቱ በር ባንዴ ሲከፈት ነፋሱ በመሃል አልፎ አንዱን ይነጥቃል።

ፍጥነት በአስፋልት 90፣ በጠጠር 80፣ በከተማ 50 ነው። የፊት መብራት ቀንም ሌሊትም ይበራል። ባለ አንድ መስመር ድልድይ ላይ ቀድሞ የደረሰ ያልፋል፤ ሌላው ይቆማል። ባለ ሁለት መስመር አደባባይ ላይ ከጀርመን የሚለየውን ልብ በሉ፦ ቅድሚያው የውስጠኛው መስመር ነው። ከመንገድ ወጥቶ ሜዳ ላይ መንዳት በሕግ ያስቀጣል፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለት ገጽ ክፈቱ፦ የአየር ትንበያውን ቬዱር ነጥብ አይኤስ ላይ፣ የመንገዱን ሁኔታ ኡምፈርዲን ነጥብ አይኤስ ላይ። ካርታው ላይ መንገዱ ዝግ ተብሎ ከተቀለመ ዝግ ነው።

ባሕረ ነፋሻ፦

ሬይኒስፍያራን አትተዉት፤ ግን የሚታየው ከሩቅ ነው። ሰው የሞተበት ቦታ ነው፣ ከአንድ ጊዜ በላይም። ምክንያቱን ከተረዳችሁት ጥንቃቄው አይከብዳችሁም። የባሕሩ ወለል ከዳርቻው ጥቂት እንደራቀ በድንገት ይጠልቃል፤ ከደቡብ የሚመጣውን ማዕበል የሚያግድ የብስ በመሃል የለም። ስለዚህ ማዕበሉ ጉልበቱን ሳይጨርስ ይደርሳል። አምስት ስድስት ትንንሽ ማዕበል መጥቶ ይመለሳል፣ ሰው ይለምደዋል፣ ከዚያ አንዱ ከቀድሞው ሁሉ ርቆ ይወጣል። ሲመለስ ከእግር ሥር ያለውን ጠጠር ይዞ ይሄዳል፤ የቆመ ሰው የሚወድቀው ውኃው ገፍቶት ብቻ ሳይሆን መሬቱ ስለሸሸበት ነው። የወደቀው ሰው ልብስ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል። እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ ዋና መቻል አያድንም፤ ባለቤትህም አንተም በዚህ እኩል ናችሁ።

ደንቡ ይህ ነው። መግቢያው ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት አለ፤ ቀይ ከበራ ወደ ዳርቻው አይወረድም፣ ከላይ ሆኖ ይታያል። ስትወርዱም አሸዋው እርጥብ የሆነበትን መስመር ፈልጉ፤ ማዕበሉ እስከዚያ መጥቶ ነበር ማለት ነው። ከዚያ መስመር ቢያንስ 30 ሜትር ራቁ። ጀርባ ለባሕር አይሰጥም፤ አንዱ ፎቶ ሲነሣ ሌላው ባሕሩን ያያል። እዚያው ዳርቻ ላይ ያለው ባለ ዓምድ ዋሻ አጠገብ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ውኃው እዚያ ሲደርስ ከኋላ ያለው ግድግዳ ስለሆነ ማምለጫ የለም። ማዕበል በመጣ ቁጥር አሸዋው ስለሚቀያየር አምና የተነሣን ፎቶ አይታችሁ ዳርቻው ሰፊ ነው ብላችሁ አትመኑ። አደጋ ካያችሁ ተከትላችሁ አትግቡ፤ 112 ደውሉ።

ባሕሩ ከተቆጣ ዲርሆላኤይ ይበቃችኋል። 120 ሜትር ከፍ ያለ አፍንጫ መሬት ነው፤ ጥቁሩ ዳርቻም፣ ባሕር ውስጥ የቆሙት የሬይኒስድራንጋር ዓለቶችም ከዚያ ሆነው ይታያሉ። ገደሉ ጫፍ አትቅረቡ እንጂ።

ስለ ሴልያላንድስፎስ አንድ ልጨምር። በጀርባው ያለው መንገድ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ውርጭ ሲሆን በረዶ ስለሚይዝ ይዘጋል። ጂንስ ለብሳችሁ አትግቡ፤ ከረጠበ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ውኃ የማያስገባ ሱሪ ከላይ ደርቡ። ከዚያ ወደ ሰሜን 700 ሜትር ያህል በእግር ሂዱ። ግልዩቭራቡኢ የሚባል 40 ሜትር ፏፏቴ ከዓለት ስንጥቅ ውስጥ ተደብቋል፤ የሚገባው በወንዙ ውስጥ ድንጋይ እየረገጡ ነው። ትርፍ ካልሲ መኪናው ውስጥ ይኑር።

ጎህ (ጠያቂ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ካምፐሩን ሰርዘናል፣ ማደሪያዎቹንም እንደተባለው እየያዝን ነው። የቀረን ምግብ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን፤ ዓርብ ደግሞ ረጅሙ ቀን ሆነብን። ነዳጅና ፓርኪንግስ እንዴት ነው የሚከፈለው?

ቋጠሮ፦

ወጥ ቤት ያለው ማደሪያ ምረጡ፤ በዚያ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ውድ ነው፣ የጾም ምርጫውም ጠባብ ነው። የተፈጨ ሽሮ፣ በሶና ቆሎ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ለሁለት ሰው ለአራት ቀን ግማሽ ኪሎ ሽሮና ግማሽ ኪሎ በሶ ይተርፋል። ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ዳቦና ድንች ረቡዕ ማታ ቦኑስ ወይም ክሮናን ከሚባሉት ሱፐርማርኬቶች ግዙ፤ ቪክ ውስጥም ክሮናን አለ። ዓርብ ጠዋት የፈላ ውኃ በቴርሞስ ያዙ፤ በሶው መኪና ውስጥ ይበጠበጣል። የቧንቧ ቀዝቃዛ ውኃ ይጠጣል፣ የታሸገ አትግዙ። ሙቁ ውኃ የድኝ ሽታ ቢኖረው ከምድር ስለሚወጣ ነው።

ነዳጅ በቪክና በኪርክዩባያርክላውስቱር ሙሉ፤ ግማሽ ሲደርስ መሙላት ልማድ ይሁን። አብዛኛው ማደያ ሰው የለበትም፤ ማሽኑ ባለ አራት አኃዝ ፒን ያለው ካርድ ይጠይቃል። «ሙሉ» የሚለውን ከነካችሁ ከካርዳችሁ ላይ ትልቅ ገንዘብ ለጥቂት ቀናት ይያዛል፤ ስለዚህ መጠኑን ራሳችሁ ምረጡ። ፓርኪንግ በዋና ዋናዎቹ ፏፏቴዎችና በሬይኒስፍያራ በክፍያ ነው። ካሜራ ታርጋ ያነባል፤ በመተግበሪያ ወይም እዚያው ባለው ማሽን ትከፍላላችሁ። ሳትከፍሉ ከሄዳችሁ ሂሳቡ ለአከራዩ ይላካል፣ እሱ ደግሞ የራሱን አገልግሎት ጨምሮ ከካርዳችሁ ይቆርጣል። ስትዋዋሉ በኪሎ ሜትር የሚታሰብ ክፍያ እንዳለም ጠይቁ።

ሌላ አንባቢ ካለ፦ ከጀርመን የመኖሪያ ፈቃድና ፓስፖርት ይዞ መግባት ይቻላል፣ አገሩ ሸንገን ውስጥ ስለሆነ። ከለንደን ወይም ከዋሽንግተን በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ግን የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ግሪን ካርድ አይተካውም።

ደጋ ነፋስ፦

እሁድን ባዶ አትተዉት። ቅዳሜ ማታ ኬፍላቪክ ካደራችሁ ጠዋት የሬይክያነስ ጫፍ በቅርብ ነው። ጉንኑክቬር የሚባለው የሚፈላ ጭቃና እንፋሎት አለ፤ ከእንጨት መንገዱ አትውረዱ፣ ከሥሩ ያለው አፈር ስስ ነው። ከዚያ ጥቂት ወደ ሰሜን በሁለቱ አህጉራት መካከል የተሠራች ትንሽ የእግር ድልድይ አለች። የአሜሪካና የአውሮፓ የምድር ቅርፊቶች በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል የሚራራቁበት ስንጥቅ ነው። ከውቅያኖስ ሥር የሚካሄደው ይህ መለያየት በየብስ ላይ በግልጽ ከሚታይባቸው ጥቂት ቦታዎች ሌላው አፋር ነው፤ ጥቁሩ ድንጋይ አገር ቤት ያያችሁትን ቢያስታውሳችሁ አይግረማችሁ።

በግሪንዳቪክ በኩል ለመዞር ካሰባችሁ ግን መጀመሪያ ሴፍትራቭል ነጥብ አይኤስን እዩ። ከተማው በኖቬምበር 2023 ነዋሪው በሙሉ እንዲወጣ የተደረገበት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አጠገቡ በተደጋጋሚ ፈንድቷል፣ መንገዶቹም በየጊዜው ይዘጋሉ። መኪናውን ከማስረከባችሁ በፊት ነዳጁን ሙሉና ጎኑንና መስታወቱን በደንብ ባለ ብርሃን ቪዲዮ ቅረጹ፤ ስትረከቡም እንዲሁ።