የጋራ ፕሮፖዛላችን ረቂቅ፦ በጀቱ ከምን ይጀምር?

ጸሐፊ፦ ውድ አባላት፣ በቀን ሥራና ቤታቸው ሆነው ለሚሠሩ ሴቶች ባዘጋጀነው ረቂቅ መሠረት የበጀቱ ግማሽ ለሙያ ስልጠና ተይዟል። ከማስገባታችን በፊት ሐሳባችሁን ጻፉ።

የመስክ አስተባባሪ፦ ጸሐፊያችን፣ ስለ ድካምዎ እናመሰግናለን። ግን አልተስማማሁም። እነዚህ ሴቶች እኮ ሥራ አልፈቱም። በቀን ሥራ ያርማሉ፣ ያጭዳሉ፤ ቤታቸው ሆነው ይፈትላሉ፣ ይሰፋሉ። በቁራጭ፣ ማለትም በሠራችው ዕቃ ብዛት እየተከፈላት፣ የምትሠራዋ ሴት ክሩንና መብራቱን ከራሷ ታወጣለች፣ የተበላሸውም ከሒሳቧ ይቆረጥባታል፤ ዋጋ የሚተምነው ደላላው ነው። በዚያ ላይ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ልጅ ይዛ የተረፋትን ሰዓት እኛ በስልጠና ከወሰድንባት የዕለት ገቢዋን አሳጣናት ማለት ነው። ስልጠናው ይኑር፤ አጭር ይሁን፣ ልጆች የሚጠበቁበት ቦታ ይዘጋጅለት፣ የቀረባት የቀን ገቢም ይተካላት።

ሒሳብ ሹም፦ እኔም ቁጠባው ይቅደም እላለሁ። ኬር የተባለው የእርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ የጀመረው የቁጠባ ቡድን አሠራር ይጠቅመናል። የገንዘብ ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹ በሦስት ሴቶች እጅ ይቀመጣሉ፤ የሚከፈተውም በስብሰባ ላይ፣ ሁሉም እያየ ነው። ማንበብ የማትችል አባል እንኳ በደብተሯ ላይ ያረፉትን ማህተሞች ቆጥራ ድርሻዋን ታውቃለች። ዓመት ገደማ ሲሞላ ቁጠባውና አባላት ከሳጥኑ ሲበደሩ የከፈሉት ወለድ እንደየድርሻቸው ይከፋፈላል። የውጭ ብድር ግን በመጀመሪያው ዙር አናስገባ፤ ቡድኑ ሳይጠና ዕዳ ከገባ ይበትነዋል።

የሕግ ጉዳዮች ተጠሪ፦ የመደራጀቱን ነገር በአንድ መስመር አንለፈው። ሕንድ፣ አህመዳባድ ውስጥ በኤላ ባት መሪነት እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የሴቶች ማኅበር መጀመሪያ «አሠሪ የላችሁም» ተብሎ ምዝገባ ተከልክሎ ነበር። ታግለው ተመዘገቡ፤ በ1974 ደግሞ 4,000 ሴቶች አሥር አሥር ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን ባንክ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1996 የጸደቀው የዓለም ሥራ ድርጅት ቁጥር 177 ስምምነትም ቤቷ ሆና የምትሠራዋ ከሌላው ሠራተኛ እኩል እንድትታይ ይጠይቃል። ፕሮፖዛሉ ላይ ይጠቀስ።

ጸሐፊ፦ ተቀብያለሁ። የስልጠናው በጀት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ከእሱ የተረፈው ለሳጥንና ለደብተር፣ ለቡድኑ የራሱ ሚዛን፣ ምርት በጋራ ለሚሸጥበት መጋዘን ይሆናል። ከደላላው ጋር የሚደራደሩትን ሴቶቹ ራሳቸው ይምረጡ የሚል አንቀጽ አስተባባሪዋ ቢጽፉልን?

የመስክ አስተባባሪ፦ እሺ፣ እጽፈዋለሁ። ሚዛኑ ግን ከመጀመሪያው ወር ግዢ ውስጥ ይግባ።