አዲስ አኳሪየም፦ ውሃው ነጣ፣ ዓሦቹም ወደ ላይ እየወጡ ይተነፍሳሉ

ማራኪ ሰፈር
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 80 ሊትር አኳሪየም ነው፤ ከተሞላ 12 ቀኑ፣ 3 ትንንሽ ጎልድፊሽ አለው። ከትናንት ጀምሮ ውሃው እንደ አጓት ነጥቷል፤ ዓሦቹም ከላይ ከላይ ይተነፍሳሉ። በመለኪያ ጠብታ ሲለካ አሞኒያ (ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚወጣው መርዝ) 1፣ ናይትራይት 0.5 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ናይትሬት ዜሮ፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 7.8። ሁሉንም ደፍቼ ጠጠሩንና ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ ልጠበው?

አዘዞ
እባክህ ፊልተሩን አትንካው። ናይትራይት መታየቱ አሞኒያውን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ሥራ መጀመራቸውን ያሳያል። ናይትራይቱን ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚቀይሩት ሌሎች ናቸው፤ እነሱ ገና አልደረሱም። ሁለቱም ቀስ ብለው ስለሚራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ቤቱ ከቀዘቀዘ ከዚያም ያልፋል።

ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት የፊልተሩ ስፖንጅና ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው። ስለዚህ ውሃ መቀየር አይጎዳቸውም፤ ስፖንጁን ክሎሪን ባለው ውሃ ማጠብ ግን ይጨርሳቸዋል። ነጩ ነገር የተረፈ ምግብ የሚበላ ሌላ ባክቴሪያ ነው፤ በራሱ ጊዜ ይጠራል።

አሁን 40 ሊትር ቀይር፣ አሞኒያው በግማሽ ይወርዳል። በየቀኑ ለካ፤ የአሞኒያና የናይትራይት ድምር ከ0.5 ባለፈ ቁጥር ድገም። ፒኤች በ1 ሲጨምር መርዛማው የአሞኒያ ክፍል ወደ አሥር እጥፍ ስለሚያድግ 7.8 የሚናቅ አይደለም። ምግብ በሁለት ቀን አንዴ፣ ያውም በ2 ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ። 8 ግራም ጨው በጥብጠህ ጨምር፤ ናይትራይቱ በስንጥባቸው በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ያግዛል።

ፒያሳ
በተባለው ላይ የውሃውን ነገር ልጨምር። ክዳኑ የተዘጋ ሮቶ ክሎሪኑን ይዞ ስለሚቆይ ከዚያ ቀድተህ በቀጥታ አታፍስ። ክፍት ባልዲ ውስጥ በኤር ፓምፕ እያናፈስክ 24 ሰዓት አቆየው። የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካለህ መጠበቅ የለብህም። ከሌለህ ለዛሬ 20 ሊትር አፍልተህ፣ አቀዝቅዘህ፣ አናፍሰህ ጨምር፤ የቀረውን ነገ።

ከተማችን ጎንደር ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ኤር ፓምፑ ሌሊትም አይጥፋ፤ ባክቴሪያዎቹም ያለ ኦክስጅን አይሠሩም። መብራት ለሰዓታት ከጠፋ ስፖንጁን ከፊልተሩ አውጥተህ አኳሪየሙ ውስጥ አኑረው። ሲመጣ ፊልተሩ ውስጥ የታቆረውን ውሃ ሳትደፋ እንዳታስነሳው።

ማራኪ ሰፈር
እናመሰግናለን። አዮዲን ያለው የወጥ ቤት ጨው ይሆናል? ባክቴሪያዎቹ ደርሰው አለቀ የሚባለውስ መቼ ነው?

አዘዞ
ይሆናል፣ በዚህ መጠን አዮዲኑ አይጎዳም። ጨው ግን አይተንም፤ በሚቀጥለው ቅየራ ለወጣው ውሃ ብቻ ተካ፣ በ10 ሊትር 1 ግራም።

በየቀኑ እየመገብካቸው አሞኒያና ናይትራይት ሳምንት ሙሉ ዜሮ ከሆኑና ናይትሬት ከጨመረ አለቀ። ከዚያ በየሳምንቱ ሩቡን ቀይር፤ ናይትሬት ከ40 አይለፍ። ስፖንጁ ሲደፈን ከአኳሪየሙ በወጣው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው። ጎልድፊሽ ትልቅ ዓሣ ስለሚሆን 80 ሊትሩ ለሦስቱ አይበቃም፤ ሰፋ ያለ ከአሁኑ ፈልግላቸው።