14 ወር የጠበቅኩት ኡኩሌሌ ፍሬቱ እጄን መቧጨር ጀመረ፣ ምን ላድርግ?

የአዳማ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዳማ ነው። ሃዋይ ያለ አንድ ባለሙያ በእጁ የሠራልኝን ኡኩሌሌ (ትንሽ፣ ጊታር የሚመስል ባለ 4 ክር መሣሪያ) 14 ወር ጠብቄ ታኅሣሥ ላይ ተቀበልኩ። ወንድሜ ነው ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞልኝ የመጣው። መጠኑ ቴነር የሚባለው ነው። ገላው በሙሉ ኮአ የሚባለው የሃዋይ እንጨት ነው፣ ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ ደግሞ ዞጲ። ፀሐይ ላይ ዘንበል ሳደርገው የእንጨቱ መስመር ውስጥ ለውስጥ የሚፈስ ማር ይመስላል። ከሥራ ስገባ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ እሱን ነው የማነሳው።

አሁን ግን ፈርቻለሁ። በሦስተኛው ሳምንት እጄን አንገቱ ላይ ሳንሸራትት የፍሬቶቹ (ሰሌዳው ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ይቧጭረኝ ጀመር። ሲመጣ ልስልስ ያለ ነበር። ከዚያ ደግሞ የሲ ክሩን 2ኛው ፍሬት ላይ ስይዘው በገና ላይ እንዝራው የሚሰጠው ዓይነት ዝዝታ መጣ። በገና ላይ ነፍስ ነው፣ እዚህ ግን ድምፁን ይገድለዋል። የሰቀልኩት ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ነው። ሰፈር ያለ እንጨት ሠራተኛ «አምጪው፣ በሞረድ አስተካክልልሻለሁ» አለኝ። ልስጠው? ወይስ ለሠራው ሰው መልሼ ልላክ? ያጠራቀምኩትን በሙሉ ያወጣሁበት ስለሆነ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል።

ጊታር ጠጋኝ፣ ሐዋሳ

እህቴ፣ ሞረድ እንዳይነካው። መጀመሪያ ከግድግዳው አውርጂው፣ ዛሬውኑ።

መሣሪያሽ አልተበላሸም፣ ውሃ ጠምቶት ነው። እንጨት ከአየሩ እርጥበት ይወስዳል፣ መልሶም ይሰጣል። አየሩ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ የሚቀንሰውም በቁመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው። የፍሬቱ ብረት ግን ባለበት ነው። ሰሌዳው ሲጠብ ብረቱ ከጎን ወጣ ብሎ ይቀራል፣ እጅሽን የሚቧጭረው እሱ ነው። ዝዝታውም ከዚሁ ይመጣል። የኡኩሌሌ ፊት በጣም ስስ ነው፣ ሲደርቅ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ብሪጁ (ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) አብሮት ዝቅ ይላል፣ ክሮቹም ፍሬቱን መንካት ይጀምራሉ።

ጥሩ ሠሪዎች የሚሠሩበትን ክፍል እርጥበት ከ45 እስከ 50 በመቶ ገደማ ያደርጉታል። የአዳማን የበጋ ነፋስ ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ኮረብታው ላይ ተርባይን የተተከለለት ነፋስ ነው። አሁን በሞረድ ብታስበይው ክረምት ገብቶ እንጨቱ ሲሰፋ ብረቱ አጥሮ ይቀራል፣ ክሩም ከጫፉ እየተንሸራተተ ያስቸግርሻል። የተበላ ብረት ደግሞ አይመለስም።

እንዲህ አድርጊ። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳሙና መያዣ ግዢ፣ በጋለ ሚስማር ክዳኑን በደንብ ብሺው። ውስጡ ስፖንጅ አርጥበሽ አስገቢ፣ ግን ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ጨምቀሽ። ኬዙ ውስጥ በራስጌው በኩል፣ እንጨቱን በማይነካ ቦታ አስቀምጪውና ኬዙን ዝጊ። በየቀኑ እያየሽ አርጥቢው፣ ስፖንጁንም በሳምንት አንዴ እጠቢ፣ አለዚያ ይሸታል። ከዚህ በፊት ያየሁት ትልቁ ስህተት ሰዎች ቸኩለው ብዙ ውሃ ማስገባታቸው ነው። ከ55 በመቶ አታሳልፊው።

የእርጥበት መለኪያ የግድ ያስፈልግሻል። ጫጩት መፈልፈያ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጋር ጠይቂ፣ እነሱ ያለሱ አይሠሩም። ርካሾቹ ስለሚዋሹ መጀመሪያ ፈትኚው፦ አንድ የጠርሙስ ክዳን ገበታ ጨው ሙዪ፣ ጭቃ እስኪመስል ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጊበት፣ ከመለኪያው ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አስገብተሽ አየር እንዳይገባ እሰሪውና አሳድሪው። ጠዋት 75 ማሳየት አለበት። 70 ካለ 5 እየጨመርሽ ታነቢዋለሽ ማለት ነው።

አናጺው

እኔ 30 ዓመት ዕቃ ሠርቻለሁ። ጠረጴዛ ሲደርቅብኝ የምግብ ዘይት በጨርቅ እቀባዋለሁ፣ ወዲያው ያበራል። ልጄ፣ ይህንንም ሞክሪው፣ ወይ ቫዝሊን።

ጊታር ጠጋኝ፣ ሐዋሳ

ጋሼ፣ ለጠረጴዛው ልክ ነዎት። ለዚህ ግን አይሆንም። ዘይት እርጥበት አይተካም፣ የምግብ ዘይት ደግሞ ውሎ አድሮ ይሻግታል፣ ይጣበቃል። ኮአው ላይ ያለውን ቀለምም ያበላሸዋል። ገላውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መወልወል በቂ ነው።

ክራር መቺ

ኮአ ሲባል ሩቅ አገር ይመስላል እንጂ የግራር ዘመድ ነው። በተፈጥሮው የሚበቅለው ግን ሃዋይ ብቻ ነው። ከማዴይራ የሄዱ ፖርቱጋሎች በ1879 እ.ኤ.አ. ትንሿን ባለ 4 ክር መሣሪያቸውን ይዘው ሃዋይ ገቡ፣ እዚያ ያገኙት እንጨት ኮአ ነበር፣ ኡኩሌሌም ከዚያ ተወለደ። ስለዚህ የያዝሽው መሣሪያ በትውልድ አገሩ እንጨት የተሠራ ነው፣ ደስ ይበልሽ።

ድምፁ ይጎላል ብለው የጊታር ሽቦ አስሪበት የሚሉሽን አትስሚ። የሽቦው ጉተታ ብሪጁን ይነቅለዋል። ናይለኑ ይበቃል። አዲስ ክር ለጥቂት ቀን ቅኝቱ አልቆም ቢልሽ አትደንግጪ፣ እየተሳበ ነው።

ሌላም ልንገርሽ። ምንም ሳትይዢ አራቱን ክር ምቺያቸው፦ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ። አራቱም ከሲ የሚነሳው ትዝታ ውስጥ ያሉ ድምፆች ናቸው። የቀረሽ ዲ ብቻ ነው፣ እሱም ሲ ክር 2ኛው ፍሬት ላይ አለ። ያ ዝዝ የሚልብሽ ቦታ ማለት ነው! እሱ እስኪድን ኤ ክር 5ኛው ፍሬት ላይ ከፍ ያለውን ዲ ተጠቀሚ። እኔ የጓደኛዬን ኡኩሌሌ ሳገኝ ክራር ላይ ያለኝን ሁሉ በአንድ ምሽት ወደሱ አዛወርኩት።

ሌላ አባል

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኔም ላሠራ አስቤ ነበር፣ ሮዝውድ ነው የምፈልገው። እንጨቱ በሕግ የተያዘ ነው ሲሉኝ ተውኩት።

ጊታር ጠጋኝ፣ ሐዋሳ

በ2017 እ.ኤ.አ. ሮዝውዶቹ ሁሉ ያሉበት የዳልበርጂያ ወገን በሙሉ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ገብቶ ነበር፣ ለኡኩሌሌም ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ግን ያለቀለት የሙዚቃ መሣሪያ ከዚያ ወረቀት ነፃ ሆኗል። የብራዚሉ ሮዝውድ ብቻ ዛሬም በጣም ጥብቅ ነው፣ እሱን ተወው። ኮአ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለማንኛውም ደረሰኙንና የእንጨቱን ሳይንሳዊ ስም በጽሑፍ ተቀበል፣ ጉምሩክ ላይ ከመጨቃጨቅ ያድንሃል።

የአዳማ ልጅ (ጠያቂ)

12 ቀን ሆነኝ፣ ሳልነግራችሁ መቅረት አልፈለግኩም። መለኪያውን ጫጩት ከሚያስፈለፍሉ ሰዎች ነው ያገኘሁት። በጨው ስፈትነው 73 አለ። ሳሎን ሳስቀምጠው 27፣ ደነገጥኩ። ኬዙ ውስጥ አሁን 48 ላይ ቆሟል። በአምስተኛው ቀን ዝዝታው ቀነሰ፣ በዘጠነኛው ጠፋ። ዲ አሁን ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ትዝታውንም ሞከርኩት፣ እናቴ ከማድ ቤት ወጥታ ቆማ ሰማችኝ። ለሠሪውም ፎቶ ልኬለት ነበር፣ እሱም ሞረድ አይንካው፣ አንድ ዝናብ ይለፍበት አለ።

ከ12ኛው ፍሬት በላይ ብቻ ሁለት ጫፎች አሁንም ትንሽ ይሰሙኛል። ሐምሌ ላይ እንዲሁ ከሆኑ ሐዋሳ ይዤው ልምጣ?

ጊታር ጠጋኝ፣ ሐዋሳ

ነይ። ሁለት ጫፍ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ ያኔ ቢሞረድም ችግር የለውም። ከመኪናው ኋላ ግን አትጫኚው፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ ሙጫውን ያላቅቀዋል። ጭንሽ ላይ አድርገሽው ነይ።