ፓንዳስ ከቀኖቹ ግማሹን ወርና ቀን ገልብጦ አነበበብኝ፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ
ሰላም ጓዶች፣ አንድ ሲኤስቪ ፋይል በፓንዳስ (የፓይተን የዳታ ላይብረሪ) እየጫንኩ ነው፣ ቀኑ በስትሪንግ ነው የተጻፈው፣ ዝም ብዬ ወደ ዴትታይም (የቀን ዓይነት ዳታ) ቀየርኩት፣ ኤረር የለ ምን የለ አለፈ። ከዛ በወር ግሩፕ አድርጌ ቻርት ሳወጣ ከጃንዋሪ እስከ ማርች 2022 ብቻ መሆን የነበረበት ዳታ እስከ ዲሴምበር ተበትኖ አገኘሁት። ገብቼ ሳየው 13/02ን ፌብሩዋሪ 13 ብሎ በትክክል አንብቦታል፣ 05/02ን ግን ሜይ 2 አድርጎታል፣ እዛው አንድ ኮለም ውስጥ እኮ ነው! ዴይፈርስትን (ቀኑ ከወሩ ይቀድማል የሚለውን ምርጫ) ትሩ ባደርገው ይበቃል?

መልስ 1
የፓንዳስህ ቨርዥን ከ2.0 በታች መሆን አለበት። የድሮው እያንዳንዱን ሴል ለየብቻ ነው የሚገምተው፣ ወሩ ይቀድማል ብሎ ይጀምርና 13ኛ ወር ሲያጣ ገልብጦ ያነበዋል። 2023 ላይ የወጣው 2.0 ፋይሉ ውስጥ መጀመሪያ ባገኘው ቀን ፎርማቱን ይወስንና ሌላውንም በዛው ያነባል፣ ያልገጠመው ላይ ኤረር ይሰጣል። ግን ፋይልህ ውስጥ ከ12 የሚበልጥ ቀን ከሌለ እሱም ዝም ብሎ ይሳሳታል። በዴይፈርስት አትተማመን፣ እንደ ምክር ነው የሚያየው እንጂ እንደ ትዛዝ አይደለም። ፎርማቱን ቀን/ወር/ዓመት ብለህ ራስህ ጻፍለትና ተገላገል።

መልስ 2
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ፎርማት ከመስጠትህ በፊት የቱ እንደሆነ እርግጠኛ ሁን። ከኤፕሪል በኋላ የሄዱብህን ረድፎች እያቸው፣ ቀናቸው 1፣ 2 ወይ 3 ብቻ ከሆነ ወርና ቀን ተቀያይረዋል ማለት ነው ሌላ ማስረጃ አያስፈልግህም። በነገራችን ላይ ዓመቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሊነበቡ የሚችሉ ቀኖች 132 ናቸው (12 በ12፣ እንደ 05/05 ያሉት 12ቱ ሲቀነሱ)፣ ስለዚህ ጥቂት ረድፍ በዓይን አይቶ ማለፍ አያዋጣም። ኤረሩን በኮኧርስ (ኤረር እንዳይሰጥ በሚያደርገው ምርጫ) አፍነው የሚሉህን ደግሞ አትስማ፣ ያልገባውን ሁሉ ባዶ ያደርግልሃልና ጉዱን የምታየው ሪፖርቱ ከሄደ በኋላ ነው።

ጠያቂው
ተባረኩ፣ እውነትም 1፣ 2፣ 3 ብቻ ናቸው። ፎርማቱን ሰጥቼ ሳስኬደው ግን ኤረር አለኝ፣ 6 ረድፍ ላይ በቀን ፋንታ 44597 ዓይነት ቁጥር ነው ያለው፣ ይሄ ደሞ ምንድነው?

መልስ 2
ሃሃ፣ ፋይሉን የሆነ ሰው በኤክሴል ነክቶታል። የኤክሴል የቀን ቆጠራ ነው፣ ቀኑን ከአንድ መነሻ ቀን ጀምሮ ባለው የቀን ብዛት ነው የሚይዘው፣ እነሱን ለይተህ ዩኒቱን ቀን፣ መነሻውን 1899-12-30 አድርገህ ቀይራቸው፣ 44597 ፌብሩዋሪ 5 2022 ይሆናል። ግን እነዚህን ስድስቱን ከሰጠህ ሰው ጋር አመሳክራቸው፣ የዛ ሰው ኤክሴል ወር የሚያስቀድም ከነበረ ቁጥሩ ራሱ ሲጻፍ ጀምሮ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል።