ሹፌር የሌለው ታክሲ መጣ፣ ወንድሜን ምን ልምከረው?

የከዚራ ልጅ፦ ሰላም ወገን። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ፣ ፎኒክስ ከተማ ኡበር (በስልክ የሚጠራ ታክሲ) ይነዳል። ዌይሞ የሚባሉት ሹፌር የሌላቸው መኪኖች ሰው እየጫኑ ገቢዬ ቀነሰ ይለኛል። እዚህ ድሬ የእናታችን ቤት ኪራይ በሱ ነው። ምን ይሻላል?

ሳቢያን፦ አይዞህ። ነገሩ ዛሬ አልተጀመረም። እዚያ የፋብሪካ ሠራተኛው እ.ኤ.አ. በ2000 17 ሚሊዮን ገደማ ነበር፣ በ2010 12 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም፤ ማሽኑም የቻይና ዕቃም ተባብረው ነው። በ2016ቱ ምርጫ ሚሺጋንና ፔንሲልቬንያ የሚባሉት ግዛቶች ወደ ትራምፕ የዞሩበት አንዱ ምክንያት ይሄው ቁጣ ነው።

የደቻቱ ሰው፦ አባቴ ባቡር ጣቢያ ብረት ሠራተኛ ነበር። የድሮው ባቡር ሲቆም ሙያው ነው ቤታችንን ያቆመው፣ ጋራዥ ገባ። ወንድምህም ሥራውን ሳይለቅ ማታ ማታ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ሙያ ይማር፣ አሁኑኑ።

የከዚራ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ።